የመንዝ ዝተት ከስምንት ወር በኋላ፦ እንቅልፍ ላጣና ሁሌ ለሚደክመው ሰው ይጠቅማል ወይ?

ዝተት፣ ማለትም ከበግ ጸጉር የሚሸመነውን ያን ወፍራም የመንዝ ብርድ ልብስ፣ ገዝቼ ስምንት ወር ሆነኝ። ጥቅምትን፣ ህዳርን፣ ታህሳስን አብረን አሳልፈናል፣ ስለዚህ አሁን ሪቪው ብጽፍ ማንም "ገና ሳትሞክረው" የሚለኝ አይመስለኝም። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፣ ጠባሴ፣ አንድ ክፍል ቤት ተከራይቼ። 26 ዓመቴ ነው፣ ፋብሪካ ውስጥ በሺፍት ነው የምሠራው። ላለፉት ሁለት ዓመታት ደግሞ ሰው "እንዴት ነህ?" ሲለኝ "እግዚአብሔር ይመስገን" ከማለቴ በፊት የሚያመልጠኝ ቃል "ደክሞኛል" ነበር።

ድካም ስል ቀን ከባድ ሥራ ሠርቶ የሚመጣውን አይደለም። እሱማ ደስ ይላል፣ በልተህ ጋደም ስትል ይወጣልሃል። የኔው ተኝቼም የማይወጣ ነው። እሁድ እስከ 5 ሰዓት ተኝቼ ስነሳ እንደተደበደበ ሰው ነኝ፣ ሰርቪስ ላይ ቁጭ ከማለቴ አንገቴ ይወድቃል፣ አንዴ እንደውም አፌን ከፍቼ ተኝቼ የሥራ ባልደረቦቼ ቪዲዮ ቀርጸው የሺፍታችን ግሩፕ ላይ ለቀውት ለሳምንት መሳቂያ ሆኛለሁ። ማታ ግን ገና አልጋ ላይ ስወጣ ዓይኔ ፍጥጥ!

ያልሞከርኩት የለም። ፋርማሲ ሄጄ ቢ ኮምፕሌክስ ገዛሁ፣ ሽንቴን ቢጫ ከማድረግ ውጪ ያመጣው ነገር አላየሁም። ኢነርጂ ድሪንክ ለመድኩ፣ ቀን ላይ አንድ ሰዓት ያነቃህና ማታ ላይ ያስከፍልሃል። ከዛ ደግሞ አንዱ ጓደኛዬ "ደብረ ብርሃን ተቀምጠህ እንቅልፍ አጣሁ ትላለህ እንዴ፣ አንድ ሁለት መለኪያ አረቄ ቅመስና ተኛ" አለኝ። የዚህን አገር አረቄ የሚያውቅ ያውቀዋል። እውነት ነው ያስተኛል፣ ችግሩ የሚያስተኛህ እስከ 8 ሰዓት ነው፣ ከዛ በኋላ አፍህ ደርቆ፣ ልብህ እየመታ፣ ጣራ ስታይ ይነጋል። አልኮል እንቅልፍ ቶሎ ያመጣና የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ይቆራርጠዋል፣ ይሄን በራሴ ላይ ለሦስት ሳምንት አይቼዋለሁ፣ ሌላ ሰው መሞከር አያስፈልገውም።

አሁን ስለ ብርዱ። ደብረ ብርሃን ከባህር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ነው ያለችው፣ እኛ እራሳችን "ደብረ ብርድ" እያልን ነው የምንቀልደው። ከጥቅምት ጀምሮ ሰማዩ ጥርት ካለ ሌሊቱን ውርጭ ይወርዳል፣ ጠዋት ደጅ ያደረ ባልዲ ላይ ስስ በረዶ እንደ ወተት ስልባቦት ተጋግሮ ታገኘዋለህ። የኔ ቤት ግድግዳው ጭቃ፣ ጣራው ቆርቆሮ ነው፣ ኮርኒስ የሚባል ነገር የለውም። 9 ሰዓት ከሌሊቱ ላይ አፍንጫዬ በርዶ ነው የምነሳው፣ ከዛ እግሬን አጣጥፌ እስኪነጋ መንቀጥቀጥ።

ያኔ የምለብሰው ያቺን ነብር የተሳለባትን የቻይና ብርድ ልብስ ነበር። ታውቋታላችሁ፣ ሁሉም ላጤ ቤት አለች። ስትገዛት ለስላሳ ናት፣ ታምራለች፣ ፎቶ ላይ ትወጣለች። ሁለተኛው ዓመት ላይ ነብሩ ጸጉሩ ረግፎ ድመት ይሆናል። ደግሞ ከላይ ቀዝቃዛ ሆና ከውስጥ ታልብሃለች፣ ላብህን ስለማትመጥ ጀርባህ ይረጥባል፣ የረጠበ ጀርባ ደግሞ 9 ሰዓት ላይ ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልግም።

ስለዚህ ሁሉም ሰው የሚያደርገውን አደረግኩ፣ ከሰል። ማታ ቡና ከተፈላ በኋላ ማንደጃውን ቤት አስገብቼ፣ በሩን ቆልፌ፣ የበሩን ስር በጨርቅ ወትፌ እተኛለሁ። አከራዬ ጠንቃቃ ሴትዮ ናቸው፣ "ልጄ፣ ጭሱ ሳያልቅ እንዳታስገባው፣ ፍም ሲሆን ነው" ይሉኛል፣ እኔም ፍም እስኪሆን ጠብቄ ነበር የማስገባው፣ በዛ ላይ አመድ አለብሰዋለሁ። በቃ ጥንቃቄ አደረግኩ ብዬ።

እናቴ መሐል ሜዳ ናት፣ ስልክ በደወለች ቁጥር "ዝተት ግዛ" ትለኛለች። እኔ ደግሞ እውነቱን ለመናገር አፍር ነበር። ዝተት ለኔ የገጠር ነገር ነው፣ አያቴ ቤት መደብ ላይ የነበረው፣ ጥቁር፣ ከባድ፣ በግ በግ የሚሸት። እንግዳ ሲመጣ አልጋዬ ላይ ዝተት ማየቱን አልፈለግኩም (እንግዳ ያልኳት ማን እንደሆነች ይለፈኝ)።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ ጤና ጣቢያ ነው። ነሐሴ ላይ ድካሙ ሲብስብኝ ሄድኩ፣ ደም ማነስ ነው ብዬ እርግጠኛ ነበርኩ። ደም ሰጠሁ፣ ሄሞግሎቢን ደህና፣ ስኳር ደህና፣ ወባ የለም። ልወጣ ስል ሲስተሯ "ቆይ ቁጭ በል" አለችኝና መጠየቅ ጀመረች። ስንት ሰዓት ትተኛለህ፣ ስንት ቡና ትጠጣለህ፣ ራስ ምታት አለህ? "አዎ ጠዋት ጠዋት፣ ሥራ ቦታ ስደርስ ይለቀኛል" አልኳት። "ሁልጊዜ ነው?" አለች። ትንሽ አሰብኩና "ለሊት ሺፍት ስሆን የለም" አልኳት፣ ሲገርምህ እኮ ለሊት ሺፍት ላይ ነው ትንሽ የምተኛው፣ ራሴን ግን የማያመኝ ያን ሳምንት ብቻ ነው፣ እስካዛች ደቂቃ ልብ ብዬው አላውቅም። ሲስተሯ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና "ቤትህን በምንድነው የምታሞቀው?" አለችኝ።

በቃ። ለሊት ሺፍት ላይ ቀን ስለምተኛ ከሰል አላስገባም።

ያስረዳችኝን እኔም በኋላ አንብቤ አረጋግጫለሁ፣ ለማያውቅ ልንገር። ፍም የሆነ ከሰል ጭስ ባይኖረውም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን ጋዝ ያወጣል፣ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ይይዘዋል፣ የሚይዘውም ከኦክስጅኑ ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ጉልበት ነው፣ ስለዚህ ትንሹም ብዙ ቦታ ይወስዳል። ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ድሮም የምትተነፍሰው ኦክስጅን ከባህር ዳርቻ አገር ጋር ሲነጻጸር ሲሶ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ቀንሷል። አመድ ማልበስ ጋዙን አያቆመውም፣ እንደውም ፍሙ ሌሊቱን ሙሉ እንዲቆይ ነው የሚያደርገው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ ማዞር ያመጣል፣ ሲበዛ ደግሞ ከሰል አስገብተው ተኝተው ሳይነሱ የቀሩ ሰዎችን ወሬ እዚህ አገር ያልሰማ የለም። እኔም ሰምቻለሁ፣ የሰማሁት ግን ጭሱን ሳያስጨርሱ ስላስገቡ ሰዎች ነበር የመሰለኝ። "ከዛሬ ጀምሮ ደጅ" አለችኝ። "በምን ልሙቅ ታዲያ?" አልኳት። ሳቀች፣ "የመንዝ ልጅ አይደለህም እንዴ?"

እናቴና ሲስተሯ ሳይተዋወቁ ተስማሙብኝ ማለት ነው።

መስከረም መጨረሻ ላይ በገበያ ቀን ወጣሁ። ሻጩ ከመንዝ የመጡ አባባ ናቸው፣ አራት ዝተት መሬት ላይ ደራርበው እራሳቸው ከላይ ተቀምጠውበታል። አራቱም የተሠሩት ከመንዝ በግ ጸጉር ነው፣ ያ ላቱ ሰፊ፣ አጠር ያለ፣ አብዛኛው ጥቁር የሆነው በግ፣ ሴቶቹ በእንዝርት ፈትለውት ወንዶቹ ይሸምኑታል። ጠበብ ጠበብ ብሎ ተሸምኖ ነው እርስ በርሱ የሚሰፋው፣ ስለዚህ ሲገዛ መጀመሪያ የሚታየው ስፌቱ ነው። አባባ እራሳቸው አሳዩኝ፣ ሁለቱን ጫፍ ይዘህ ትወጥረዋለህ፣ ስፌቱ ላይ ብርሃን ካየህ ተወው።

እኔ የጠረጠርኩት ሌላ ነበር፣ ከሰው ሠራሽ ክር ጋር የተቀላቀለ እንዳይሆን። ይሄን ስላቸው አልተቀየሙም፣ ከጠርዙ አንድ ክር በጠሱና "ክብሪት አለህ?" አሉኝ። የለኝም፣ ጎረቤታቸው ላይተር ሰጣቸው። ክሩን ለኮሱት፣ ትር ትር እያለ ነደደ፣ የተቃጠለ ጸጉር ሽታ ሸተተ፣ ሲጠፋ በጣታቸው ሲያሹት ጥቁር አመድ ሆነ። "ፕላስቲክ ቢሆን ቀልጦ እንደ ዶቃ ይጠጥር ነበር፣ እጄንም ያቃጥለኝ ነበር" አሉ፣ ጣታቸውን ሱሪያቸው ላይ እየጠረጉ። ይሄን ዘዴ ያዙት፣ ሱፍ ነው ተብላችሁ ለምትገዙት ብርድ ልብስም ኮትም ይሠራል።

"ለሙሽርነት ነው?" አሉኝ። "ኧረ አባባ፣ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነው" አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ፣ "እንቅልፍ የነሳህ ብርድ ነው ሐሳብ?" አሉ። "ሁለቱም።" "እንግዲያው ለብርዱ ይሄ አለልህ፣ ለሐሳቡ አልሸመንም።" ዋጋው ላይ ግን እንዲህ አይቀልዱም! ትንሽ ተከራክረን ከአንድ ወር የቤት ኪራዬ በልጦ በሚያም ብር ወሰድኩት። ዋጋው እንደ ክብደቱና እንደ ስፋቱ ይለያያል፣ ያገለገለ ከሆነ ይረክሳል፣ ያገለገለ ሲገዛ ግን ስለ ቁንጫው መጠየቅ ነው። ባጃጅ ውስጥ ከጎኔ አስቀምጬው ሳመጣ ለሁለት ሰው ነው የከፈልኩት ብል ውሸት አይሆንም።

የመጀመሪያ ቀን። ከተኛሁ በኋላ ስገለባበጥ አብሮኝ አልተገለባበጠም፣ ከባድ ነው፣ ቁጭ ብሎ ይዞሃል። አንዳንድ ሰው ያፍነኛል ይላል፣ እኔን ደስ አለኝ፣ ልጅ ሆኜ አያቴ እግሬ ላይ ተኝታ የምታድር ይመስለኝ የነበረው ስሜት ነው። ሙቀቱ ቶሎ አይመጣም፣ ይሄን እወቁ፣ የመጀመሪያውን አስር ደቂቃ ቀዝቃዛ ድንጋይ የለበስክ ነው የሚመስልህ፣ ከዛ እግር ላይ ይጀምራል። እግር መሞቁ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም፣ እጅና እግር ሲሞቅ የሰውነት ውስጥ ሙቀት ወደ ውጭ ይወጣና ዝቅ ይላል፣ ያ ነው ለእንቅልፍ በሩን የሚከፍተው። ሱፍ ደግሞ የክብደቱን ሲሶ ያህል እርጥበት መጥጦ እንኳ እርጥብ አይልህም። ለዛ ነው ነብሯ ስር የነበረው ላብ የጠፋው። 9 ሰዓት ላይ አልነቃሁም። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው የነቃሁት፣ እሱም ሽንቴ ነው።

የድካሙ ነገርስ? ራስ ምታቱ ከሰሉን በተውኩ በመጀመሪያው ሳምንት ጠፋ፣ ያልተመለሰ ነው። ይሄ የዝተቱ ሥራ ነው ወይስ ከሰሉን የመተዌ ነው ካላችሁኝ የሁለተኛው ነው፣ ግን ዝተቱ ባይኖር ህዳር ላይ ከሰሉ ተመልሶ ይገባ ነበር፣ እራሴን አውቀዋለሁ። ጠዋት ስነሳ የነበረው ያ መደንዘዝ፣ ጫማዬን ይዤ አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ምን ልሠራ ነበር የምለው፣ እሱም ቀርቷል። የጠዋትና የከሰዓት ሺፍት ሳምንታት ላይ ሰው ሆኛለሁ።

ለሊት ሺፍት ላይ ግን ያው ነኝ፣ እዚህ ጋ መዋሸት አልፈልግም። ሰውነታችን በጨለማ ሊተኛ በብርሃን ሊነቃ ነው የተሠራው፣ በየሳምንቱ ሰዓቱን ስታዞርበት ሊለምድ ሲል መልሰህ ትቀይረዋለህ። ይሄን ዝተት አይፈታውም። በዛ ላይ ቀን ቆርቆሮው ሲግል ዝተት ለብሶ መተኛት አይታሰብም፣ ትቀቀላለህ። አንድ ቀን ግን ተናድጄ መስኮቱ ላይ ሰቀልኩት። ሁለት ሚስማር፣ በቃ። ክፍሉ ድቅድቅ አለ። የአከራዬ ልጆች ግቢ ውስጥ ኳስ ሲራገጡ የሚሰማው ድምጽ ራሱ ቀነሰ፣ ወፍራም ሱፍ ድምጽ ይመጥጣል። ከሦስት ሰዓት የቀን እንቅልፍ ወደ አምስት ነው ያደረሰኝ። ስለዚህ የኔ ዝተት ሁለት ሳምንት አልጋ ላይ፣ አንድ ሳምንት መስኮት ላይ ነው የሚሠራው፣ እሱም በሺፍት።

ቡናውንም ነክቼዋለሁ። ካፌይን ሰውነት ውስጥ ግማሹ እስኪወጣ አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፣ ማለትም 10 ሰዓት ከሰዓት ላይ የጠጣኸው ቡና ግማሹ 3 ሰዓት ማታ ላይ አብሮህ አልጋ ይወጣል። እኔ ደግሞ ማታ አከራዬ ጋ ሦስተኛውን ሳልጠጣ አልነሳም ነበር። "እትዬ፣ ማታ ማታ ይቅርብኝ" ብላቸው ተቀየሙኝ፣ አሁን ቆሎውን እየቆረጠምኩ ወሬውን ብቻ እጠጣለሁ። ቲክቶኩ ገና ነው፣ ስለሱ አትጠይቁኝ።

ችግሮቹን ልዘርዝር፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ የባህል ዕቃ ሲሆን ማሞገስ ብቻ ነው የሚያውቀው። አንደኛ ይኮሰኩሳል፣ የመንዝ በግ ጸጉር ሻካራ ነው፣ ያለ አንሶላ ከለበስከው አንገትህን ስታክ ታድራለህ፣ እኔ ከስር አንሶላ፣ ከዛ ጋቢ፣ ከላይ ዝተት ነው የማደርገው። ሽታው አለ፣ በደረቅ ጊዜ ትረሳዋለህ፣ ሐምሌና ነሐሴ ግን በጉ ራሱ ቤት የገባ ነው የሚመስልህ ይላሉ፣ እኔ ገና ክረምት አልደረሰብኝም። ማጠብ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። በሙቅ ውሃ ከነካኸው ይጨማደድና ያጥራል፣ በቀዝቃዛ ውሃ ካጠብከው ደግሞ ውሃ ጠጥቶ ለሁለት ሰው ሸክም ይሆናል፣ ለመድረቅ ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ ይፈልጋል። አንዴ ነው ያጠብኩት፣ ጥር ላይ፣ ወገቤን። ብል ይወደዋል፣ በየሁለት ሳምንቱ ፀሐይ ላይ አውጥቶ ማራገፍ ግድ ነው፣ አጣጥፈህ ጥግ ካስቀመጥከው አልቆልሃል። አስም ያለበት ወይም አቧራ የማይስማማው ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሰው ቤት ላይ አንድ ሌሊት ይሞክረው።

ከሌላው ጋር ሳወዳድረው፣ ቡሉኮ ያምራል፣ ይከብዳል፣ ግን ጥጥ ነውና እርጥበት ከያዘ ይቀዘቅዛል፣ ለደብረ ብርሃን ታህሳስ ብቻውን አይበቃም። የከተማችን ብርድ ልብስ ፋብሪካ ከጃንሆይ ጊዜ ጀምሮ ያለ ነው፣ ወላጆቻችን ቤት ያለው ያ ባለመስመሩ ብርድ ልብስ ዛሬም ይለበሳል፣ ለመታጠብና ለመያዝ ከዝተት በብዙ ይቀላል፣ ሁለቱን ደርቦ የሚለብስ ሰው ንጉሥ ነው። የቻይናዋን ነብር ግን ለበር ስር መወተፊያ እንኳ አልመክርም። አይ ይቅርታ፣ የበር ስር መወተፍም ይቅር፣ አየር ይግባ።

ሸዋ ሮቢት ያለ ጓደኛዬ ይሄን ሁሉ ሳወራለት "ለኔም ግዛልኝ" አለኝ። ወንድሜ፣ ጣርማ በርን ወርደህ፣ ደብረ ሲናን አልፈህ፣ እዛ ሙቀት ውስጥ ዝተት ምን ይሠራልሃል፣ አንተ የሚያስፈልግህ አጎበርና ቬንትሌተር ነው። ይሄ ሪቪው ለደገኛ ነው፣ ለደብረ ብርሃን፣ ለአንኮበር፣ ለሰላ ድንጋይ፣ ለመንዝ (የመንዝ ሰው ግን ሪቪው አያስፈልገውም)።

ለብርድ 5 ከ5፣ ለአያያዝ 2 ከ5፣ ለእንቅልፍ 4። ለድካም ግን ነጥብ ልሰጠው አልችልም፣ ምክንያቱም ድካም ከስንት ቦታ እንደሚመጣ አይቻለሁ። ጠዋት ጠዋት ራሱን የሚያመው፣ ከቤት ሲወጣ የሚለቀው፣ ማታ ከሰል የሚያስገባ ሰው ካለ ዝተቱን በኋላ ይግዛ፣ ማንደጃውን ግን ዛሬ ያውጣ፣ ጤና ጣቢያም ይሂድ። ከእንቅልፉ ጋር ሐሳብ ሐሳብ የሚለው፣ ምንም የማያስደስተው ከሆነም እዛው ይንገራቸው፣ አባባ እንዳሉት ለሱ አልተሸመነም።

እንግዳዋ ደግሞ መጥታ ነበር። ዝተቱን አይታ "ውይ፣ የአያቴ ቤት!" ብላ እላዩ ላይ ቁጭ አለች።

ይሄን የጻፍኩት ከለሊት ሺፍት ገብቼ ነው፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከሩብ ሆኗል፣ ልጆቹ ኳሷን ይዘው ወጥተዋል። ሚስማሩ ላይ ልስቀለው።